ምላስ ያለ ቁስል ሲያቃጥል

በርበሬ ሳይቀምሱ፣ ትኩስ ሻይም ሳይጠጡ ምላስዎን ይለበልብዎታል? በመስታወት ሲያዩት ግን ምንም ቁስል የለውም? እንግዲያውስ የዛሬው ጽሑፍ እርስዎን ይመለከታል።

ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ወደማክምበት ክፍል መጥተው «ልጄ፣ አፌ ውስጥ ፍም ያለ ይመስለኛል» አሉኝ። ለወራት በርበሬ ትተዋል፤ የአፍ መጉመጥመጫ ገዝተዋል፤ ጥርስም አስነቅለዋል። ማቃጠሉ ግን አልተዋቸውም። ለስኳር ሕመማቸው ለብዙ ዓመታት ሜትፎርሚን ይወስዱ ስለነበር የደም ምርመራ አዘዝኩላቸው። የቫይታሚን ቢ 12 መጠናቸው በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። መርፌው ከተጀመረላቸው ከሳምንታት በኋላ ምላሳቸው ተሻላቸው። ከስኳሩም ከእጥረቱም ሊመጣ የሚችለው የእግራቸው መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። ቀደም ብለው ቢመረመሩ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የንጥረ ነገር እጥረት

ምላስን የሚሸፍነው ስስ ልባስ በየጊዜው የሚታደስ ነው። ለዚህም ብረት፣ ቫይታሚን ቢ 12 እና ፎሊክ አሲድ ያስፈልጉታል። እነዚህ ሲጎድሉ ምላስ ሊቀላ፣ ሊለሰልስና ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዴም መልኩ ሳይለወጥ ማቃጠሉ ይቀድማል። የዚንክ እጥረትም እንዲሁ ከአፍ ማቃጠልና ከጣዕም መለወጥ ጋር ይያያዛል።

ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላልና ወተት ባሉ ከእንስሳት በሚገኙ ምግቦች ነው። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጤነኛ ሰው አንድ ዓቢይ ጾም በመጾሙ ብቻ እጥረት አይገጥመውም። ለዓመታት የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገቡ፣ የጨጓራ ችግር ያለባቸው፣ ሜትፎርሚን ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ግን ሊጠነቀቁ ይገባል።

ብረትን በተመለከተ፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ብረት በደንብ እንዲገባ ይረዳል።

የሆርሞን ለውጥ

ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም የወር አበባቸው በሚቋረጥበት ዕድሜና ከዚያ በኋላ ጎልቶ ይታያል። የኢስትሮጅን ሆርሞን መቀነስ የአፍን ልባስ፣ የምራቅን ሁኔታና የሕመም ስሜትን የሚያስተላልፉ ነርቮችን ይነካል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ሆርሞን መተካት ለሁሉም ሴት እፎይታ አይሰጥም፤ የራሱ ጉዳትም ስላለው ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ አይጀመርም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከምና ያልተስተካከለ የስኳር ሕመምም ምላስን ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ከእነዚህ ሌላ የአፍ መድረቅ፣ የአፍ ፈንገስ፣ በልክ ያልተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እንዲሁም እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒቱን ጠረጠርኩት ብለው ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ምን ያድርጉ?

መጉመጥመጫ ከመግዛትዎና ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት ደምዎን ይመርመሩ። አጠቃላይ የደም ምርመራ፣ የብረት ክምችት፣ ቢ 12፣ ስኳርና ታይሮይድ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ደም ማነስ የለብዎትም ማለት የቢ 12 እጥረት የለብዎትም ማለት አይደለም። ከመድኃኒት ቤት ፎሊክ አሲድ ብቻ ገዝቶ መዋጥም አደጋ አለው፤ ደም ማነሱን አሻሽሎ ከቢ 12 እጥረት የሚመጣው የነርቭ ጉዳት ተሸፍኖ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል።

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ማቃጠሉ በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ከቀጠለ፣ ሕመሙ ራሱን የቻለ የአፍ ማቃጠል ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ከነርቭ ጋር የተያያዘ እንጂ ተላላፊም ካንሰርም አይደለም። «የለብዎትም፣ ሐሳብ ነው» ተብለው ቢመለሱ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የሚያስታግሱት ሕክምናዎችም አሉ። እስከዚያው ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ አልኮልና አልኮል ያለበትን መጉመጥመጫ መተው፣ ሲጋራና የሚለበልብ ምግብ ማስወገድ ይጠቅማል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ እብጠት ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ግን ሳይዘገዩ ይታዩ። ምላስዎ ወይም ከንፈርዎ በድንገት ካበጠ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።