ፈቃዱ የሣጥኑ ነው ወይስ የሰውየው?

ሞባይል ከመጣ ወዲህ ሲቢ ሬዲዮ የሞተ ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። የፖላንድን ሹፌሮች ይጠይቁ፤ 19ኛው ቻናል ላይ መንገድ መዘጋቱን ዛሬም ይነጋገሩበታል።

የሲቢና የአማተር ሬዲዮ ልዩነት መነሻው ቀላል ነው። ሲቢ ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ ያሉ 40 ቻናሎች ሲሆኑ፣ በኤኤምና በኤፍኤም የማስተላለፊያ ስልት 4 ዋት፣ በኤስኤስቢ ስልት 12 ዋት ይፈቀዳል። ፈተና የለውም። አማተር ሬዲዮ ግን ተፈትነው አልፈው፣ የጥሪ ምልክት ተሰጥቶዎት የሚገቡበት ነው። ለንግድ አይውልም፤ ሚስጥራዊ ኮድም ክልክል ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ነው። «የአማተር ፈቃድ ካለኝ በአማተር ሬዲዮዬ ሲቢ ላይ ብወጣ ማን ይከለክለኛል?» ሕጉ ይከለክላል! ሲቢ ላይ የተፈቀደው ሣጥኑ ነው፤ አማተር ላይ የተፈቀደው ሰውየው ነው። የሲቢ ተጠቃሚ ስለ ሞገድ ምንም እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ ገደቡ በፋብሪካ መሣሪያው ውስጥ ተቆልፎ ተሽጦለታልና። ስለዚህ ሣጥኑን ከፍቶ ጉልበት የጨመረ ወይም ማጉያ የቀጠለ ሰው ፈቃዱን በገዛ እጁ አፈረሰው ማለት ነው። አማተሩ በአንጻሩ ማስተላለፊያውን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በራሱ ብየዳ ሠርቶ አየር ላይ ቢወጣ ሕጋዊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያ እንኳ ይህን ነፃ ትቶታል።

በጀርመን የኤ ደረጃ ፈቃድ ያለው አማተር 28 ሜጋኸርዝ ላይ እስከ 750 ዋት ይለቃል። ትንሽ ዝቅ ብሎ 27 ውስጥ ሲገባ እንደማንኛውም ሰው 4 ዋት (በኤስኤስቢ 12) ነው፣ ያውም ለሲቢ በተፈቀደ ሣጥን። በጓሮው ያሻውን የሚተክል ገበሬ የጋራ ግጦሹን ማጠር አይችልም። ተከፍቶ 27 ላይ እንዲሠራ የተደረገ ሬዲዮ በኩራት ያሳየኝ አንድ ጎበዝ አማተር «ፈተና አልፌያለሁ እኮ!» አለኝ። ይህን ገጽ ዘሎ ነው ያለፈው። ፒኤምአር 446 በሚባለው የእጅ ሬዲዮ ላይም ያው ነው፦ የተፈቀደው ግማሽ ዋት ብቻ፣ አንቴናው የማይነቀል መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ሰዉ አንቴናው የሚፈታ ባለ 5 ዋት ርካሽ ሬዲዮ ይዞ ይገባበታል።

ለሣጥኑ የሚደረገው ጥንቃቄ ታሪክ አለው። እንግሊዝ በኮንትሮባንድ የገቡ የአሜሪካ ኤኤም ሬዲዮዎች የሞዴል አውሮፕላን መቆጣጠሪያን ሲረብሹባት ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1981 ሲቢን ፈቀደች፤ ግን በኤፍኤም ብቻ፣ የራሷን ድግግሞሾች መርጣ። ኤኤምና ኤስኤስቢ የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ድንበር ላይ ዕድለኛው አማተር ነው። ሴፕት የተባለው የአውሮፓ አገሮች የፖስታና የቴሌኮም ጉባኤ ቲ/አር 61-01 በሚባል ምክረ ሐሳቡ፣ ሙሉ ፈቃድ ያለው እንግዳ በተቀበሉት አገሮች እስከ 3 ወር እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ከጥሪ ምልክቱ ፊት የደረሰበትን አገር መለያ ያስቀድማል፤ ለፈረንሳይ «ኤፍ»፣ ለጀርመን «ዲኤል»። እስራኤልና አሜሪካም ገብተውበታል፤ የአሜሪካ ቴክኒሺያን ፈቃድ ግን አያሻግርም።

የሲቢ ሣጥን ግን ከጋራው 40 ቻናል ውጭ እንዲህ ያለ መሻገሪያ የለውም። ጀርመን በኤፍኤም 80 ቻናል ትፈቅዳለች፤ ከ40 በላይ ያሉት በብዙ ጎረቤቶቿ ሕገ ወጥ ናቸው። ስለዚህ ከጀርመን ሲወጡ፣ ድንበሩን ከመሻገርዎ በፊት ሬዲዮዎን ወደ 40ው የጋራ ቻናል ይመልሱት።