መንጋጋ ከወጣ በኋላ፦ ስለ ስቴሮይድ የሚወራውና የተረጋገጠው

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ በአጥንት ውስጥ ተጋድሞ ኖሮ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው፥ በማግሥቱ ጉንጩ ተነፍቶ ቢነሣ፥ ሊጠይቁት የመጡት ዘመዶች ሁሉ «መግል ቋጥሯል» ብለው መፍረዳቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህ እብጠት፥ ድዱ ተሰንጥቆ አጥንቱ ስለ ተፈለፈለ ሥጋ እንደ ባሕርዩ ለቍስሉ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የተዋስያን ሥራ ስላልሆነ፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ ወዲያ እያደር ይጎድላል። ከጎደለ በኋላ ተመልሶ ቢጨምርና ትኩሳት ቢያስከትል ግን የዘመዶቹ ጥርጣሬ ይከበር፤ ሐኪምም ይየው።

ይህን ምላሽ ለማለዘብ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ሲታዘዝ፥ «አጥንት ያሳሳል፥ ፊት ያሳብጣል» እየተባለ ብዙ ሰው ይሸበራል። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚሁ ወገን የሆነውን ኮርቲዞን የሰጧት የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ በመቻሏ ዓለም ተደንቆ ነበርና፥ እርሳቸውም ከተመራማሪዎቹ ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር በ1950 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ ለወራትና ለዓመታት በተወሰደ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚፈራው ጉዳት ተገለጠ። ከ4 እስከ 8 ሚሊግራም የሚሆን አንድ የዴክሳሜታዞን መጠን ግን፥ ለጤነኛ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ፥ አጥንት ለማሳሳት ጊዜ የለውም።

በአንጻሩ ደግሞ ስቴሮይድን እንደ ሕመም ማስታገሻ የሚቈጥሩት አሉ፤ ይህም እንደ ፊተኛው ስሕተት ነው። ስቴሮይድ ፕሮስታግላንዲን የተባሉት እብጠትና ሕመም ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች ገና ከመሠራታቸው አስቀድሞ ምንጫቸውን የሚያደርቅ ስለሆነ፥ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ወይም በዚያው ሰዓት ሲሰጥ የጉንጩን እብጠትና የመንጋጋውን መተሳሰር በግልጽ ይቀንሳል፤ ሕመሙን ግን የሚያቀለው በመጠኑ ነው። ስለዚህ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ከቦታቸው አይነሡም። በሦስተኛው ቀን፥ ፊቱ አብጦ ካበቃ በኋላ፥ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጠውማ ሠርግ ካለፈ በኋላ ድንኳን እንደሚተክል ሰው ነው።

አንድ መጠን እንኳ ቢሆን የስኳር ሕመምተኛውን የደም ስኳር ለአንድ ለሁለት ቀን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ስኳር፥ የጨጓራ ቍስል ወይም የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው፥ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት፥ ሐኪሙ ባይጠይቀውም እንኳ ይናገር።