ጋላክሲ የሚያጠና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን ይጎድለዋል?

በኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ምርምር በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ክርክር ከሃያ ዓመታት በላይ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል፤ ይኸውም የዕለት ጉርስና የንጹሕ ውኃ ጥያቄ ባልተመለሰበት አገር ቴሌስኮፕ መትከል ቅንጦት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ጥያቄው መነሣቱ ተገቢ ቢሆንም፣ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ እያወጣና እያወረደ በመዝለቁ ሌላውንና ምናልባትም ዋነኛውን ጉዳይ ሸፍኖታል። ይህም በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ የሚያጠና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ፀሐይና መሬት ከሚገኙበት ጋላክሲ፣ ውጭ ስላለው ዓለም የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት ምን ያስፈልገዋል፣ ከሚያስፈልገውስ የትኛው በእጁ አለ የሚለው ነው።

ከእንጦጦ የተጀመረው መንገድ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. በ47 አባላት ሲመሠረት ሐሳቡን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ማኅበሩ ከአሥር ዓመት ያህል ጥረት በኋላ፣ በአብዛኛው ከሼህ መሐመድ አሊ አል አሙዲ በተገኘ ድጋፍ፣ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን የእንጦጦ የምልከታ ማዕከል በ2007 ዓ.ም. አስመረቀ። ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስተዋት ናቸው። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2016 የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ተቋሙ በኋላ ከጂኦስፓሻል መረጃው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተብሏል።

እንጦጦ ግን ሁለት ችግሮች ይፈታተኑታል። አንደኛው ክረምቱን ሙሉ የሚጋርደው ደመና ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥሩ እየሰፋ የሄደው የአዲስ አበባ መብራት ነው። በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ የመፈተሹ ሥራም የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመብራቱ ጉዳይ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ባለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይበልጥ ይጎላል። በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ወይም በለቡ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፣ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝበት አቅጣጫ ፊቱን ያዞራል፤ ነገር ግን እይታው የሚያልፈው በመላው የከተማዋ መብራት ላይ ስለሆነ፣ በጨለማ ገጠር በባዶ ዓይን እንደ ደብዛዛ ጭጋግ የሚታየው ይህ ጋላክሲ ከዚያ ሆኖ ለማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በጋላክሲያችን ውስጥ ባለውና ከእርሱ ውጭ ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ለመገንዘብም ይኸው የሰማይ ክፍል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መርሐ ግብር ኢትዮጵያ «ቡና» ብላ የሰየመችው ኮከብና «አቦል» የተባለችው ፕላኔቱ የሚገኙት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ነው፤ ርቀታቸውም 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ የብርሃን ዓመት የሚባለው ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ይህ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ መሆኑ የተረጋገጠውም የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1923 በውስጡ ብርሃኑ በየጊዜው የሚፈካና የሚደበዝዝ ኮከብ ካገኘ በኋላ ነው፤ ሃብል ከዚህ ኮከብ ተነሥቶ የጋላክሲውን ርቀት ለመለካት የተጠቀመበትን ሕግ ደግሞ ከእርሱ በፊት ሄንሪየታ ሊቪት ደርሳበት ነበር።

ያለ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ምርምር

ከሃብል ዘመን ወዲህ የሥራው ጠባይ ተለውጧል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በሚገኝ ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የስሎን ዲጂታል የሰማይ ቅኝት የሚሊዮኖችን ጋላክሲዎች ምስልና ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማቱ የተተነተነ ብርሃናቸውን፣ ሰብስቦ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት አድርጓል። የ10,000 ጋላክሲዎች ብሩህነት፣ ቀለምና የብርሃን መስመሮች ልኬት በሠንጠረዥ ሲወርድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሚሆን፣ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ በነጻ ሶፍትዌር ሊተነተን ይችላል።

ተማሪው ከመረጃው ጋር የሚያካሂደውን ሥራ ከአንድ ስሌት መረዳት ይቻላል። የጋለ ሃይድሮጅን በላቦራቶሪ 656.3 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ይኸው መስመር በአንድ ጋላክሲ ስፔክትረም ላይ በ689.1 ናኖሜትር ቢገኝ ሞገዱ በ5 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ይህ መርዘም ቀይ ሽግሽግ ይባላል፤ ጋላክሲውም በሰከንድ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየራቀ መሆኑንና ወደ 700 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ እንደሚገኝ ያመለክታል። ከዚህ ቀጥሎ የናይትሮጅንና የኦክስጅን መስመሮች ጥንካሬ ከሃይድሮጅኑ ጋር ሲነጻጸር፣ ጋዙን የሚያበራው የአዳዲስ ከዋክብት ጨረር ነው ወይስ በማዕከሉ ባለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሽከረከር ቁስ ነው የሚለውን መለየት ይቻላል። ባልድዊን፣ ፊሊፕስና ተርሌቪች እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ይህ ዘዴ ዛሬ ለአንድ ሴሚስተር ጥናት የሚመጥን መሣሪያ ሆኗል።

ጥያቄዎቹም ተማሪ ስለሚጠይቃቸው ተራ አይሆኑም። ከዋክብት የሚፈጥሩ ጋላክሲዎች በአብዛኛው ሰማያዊ፣ መፍጠር ያቆሙት ቀይ ሲሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያሉትና «አረንጓዴ ሸለቆ» በሚባለው ክልል የሚመደቡት ጥቂቶች ናቸው፤ በዚህ ክልል ካሉት ምን ያህሉ ንቁ ጥቁር ጉድጓድ እንዳላቸው መቁጠር ጋላክሲዎች ከዋክብት መፍጠር የሚያቆሙት ለምንድን ነው ለሚለው ያልተቋጨ ክርክር የሚጠቅም ሥራ ነው። በእንጦጦ የተሰባሰበው የጋላክሲ ምርምር ቡድንም በእነዚህና በመሰል ጥያቄዎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ቡድኑን ያደራጁት ሰርቢያዊቷ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሚርያና ፖቪች ወጣት ተመራማሪዎችን በማፍራት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር የጆስሊን ቤል በርኔል ሜዳሊያ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆነዋል።

የጎደለው ደረጃ

ይሁን እንጂ የእንጦጦው ጥረት ያተኮረው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሥነ ፈለክን የሚያገኘው፣ ካገኘም፣ በአንድ የምርጫ ኮርስ ነው። የመመረቂያ ርእሱ የሚወሰነው ደግሞ በአማካሪው ሙያ በመሆኑ፣ ስለ ጋላክሲዎች የሚያውቅ መምህር በሌለበት ትምህርት ክፍል ክፍት የሆነው መረጃ ሁሉ የተዘጋ ያህል ነው። ጥናቱ በመጨረሻው ዓመት ስለሚሠራም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ከሆነው የመውጫ ፈተና ዝግጅት ጋር ይጋጫል፤ ኮዲንግ ሳይለምድ እዚህ የደረሰ ተማሪም ያለችውን ጥቂት ጊዜ ፓይተን በመማር ይጨርሳታል።

እነዚህን ክፍተቶች ለመሙላት የሚያስፈልገው ወጪ ከአዲስ ቴሌስኮፕ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ኢንስቲትዩቱና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጥኑ ርእሶችን ከነመረጃቸው አዘጋጅተው ቢያቀርቡ፣ አንድ የእንጦጦ ተመራማሪ በርቀት፣ አንድ የትምህርት ክፍሉ መምህር በአካል ሆነው ተማሪውን በጋራ ቢያማክሩ፣ ሥራውም ከሦስተኛው ዓመት ቢጀመር አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

ይህ አሠራር ለቀድሞው የቅንጦት ጥያቄም የተሻለ መልስ ይሰጣል። የ10,000 ጋላክሲዎችን መረጃ አጥርቶ፣ ስሕተቱን ገምቶና ውጤቱን በግራፍ አሳይቶ የሚከራከር ተመራቂ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠቀችውን ኢቲአርኤስኤስ 1ን የመሰሉ ሳተላይቶች የሚልኩትን የእርሻና የደን መረጃ ለመተንተን የሚያስፈልገውን ሙያ ይዞ ይወጣል። እስካሁን ሲያከራክር የኖረው የመሣሪያው ዋጋ ነው፤ ከአሁን በኋላ ትምህርት ክፍሎች ሊጠየቁበት የሚገባው ግን ያለ ክፍያ የተገኘውን መረጃ የሚጠቀም ተማሪ ባለማፍራታቸው በየዓመቱ የሚባክነው ዕድል ነው።