ረዳቱ «በቃ!» ሲል

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ያውቀዋል። ተሳቢ የጎተተ መኪና አንዳንዱን ጥምዝ በአንድ ጊዜ አይዞረውም። ወደኋላ ማለት አለበት፤ ከኋላ ደግሞ ገደል ነው። ያኔ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርድና «ና! ና! ና! በቃ!» ይላል። ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌር፣ ልጁ የሚሆን ረዳት «በቃ!» ሲለው ፍሬን ይይዛል። «አንተ ደግሞ ማነህ?» ብሎ ነገር አይጀምርም።

አውሮፕላን ውስጥም ከካፒቴኑ በስተቀኝ የሚቀመጠው ሰው ስሙ ረዳት አብራሪ ነው። እዚያ ግን «በቃ» የምትለዋ ቃል አንዳንዴ ጉሮሮ ላይ ትቀራለች።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው በረራ 409 አምስት ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ ባሕር ውስጥ ገባ። 90 ሰው ነበረበት፤ የተረፈ የለም። ካፒቴኑ ከ10,000 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ፤ ረዳቱ ገና 700 ሰዓት ያልሞላው ወጣት። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የሊባኖስ መርማሪዎች ሪፖርት እንዳለው፣ አውሮፕላኑ ከፍጥነቱም ከአቅጣጫውም ሲወጣ፣ «ከልክ በላይ አዘነበልክ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ ሲጮህ፣ ረዳቱ ጣልቃ አልገባም። ካፒቴኑ ምናልባት ከውጭ በማይታይ ሁኔታ ራሳቸውን ስተው ሊሆን እንደሚችልም መርማሪዎቹ ጠቅሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መሪውን እንዲቀበል የራሱ የአየር መንገዱ መመሪያ ይፈቅድለት ነበር።

አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፈንድቷል የሚል አቋም ያዘ። የውጭ ሰው ትችት ሲመጣ መጠርጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ኢቲ 302 ላይ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ጥፋቱ የቦይንግ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ አሜሪካ ውስጥ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቻችን የቀሰሩ ነበሩ። ያ ነቀፋ ነው። ሁለት አብራሪዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሚተራረሙት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን ባንቀላቅላቸው ጥሩ ነው።

ደግሞ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ የሆላንዱ አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ «ያኛው ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?» የሚል ጥያቄ አንስቶ ነበር። ታዋቂው ካፒቴን ወጥቷል ብለው ማኮብኮባቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያሉ አደጋዎች ናቸው ዛሬ አብራሪ ሁሉ የሚማረውን «ክሩ ሪሶርስ ማኔጅመንት» የወለዱት።

ትምህርቱ ሲነገር ቀላል ነው። ረዳቱ መጀመሪያ ያየውን ይናገራል፦ «ፍጥነታችን እየወረደ ነው።» መልስ ካጣ የሚደረገውን ይጠቁማል። አሁንም ዝም ከተባለ መሪውን ይቀበላል። ሲደረግ ግን፣ ታላቅን ማረም ድፍረት ነው እየተባለ ላደገ ልጅ፣ በሦስት መስመር የወርቅ ክር ፊት ተቀምጦ አራት መስመር ያሰረን ሰው «ተሳስተዋል» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የእኛ አገር ሰው አይጠፋውም። እኔ እንደሚመስለኝ የሥልጠናው ትልቁ ድርሻ መሰጠት ያለበት ለረዳቱ ሳይሆን ለካፒቴኑ ነው። መናገርን ከማስተማር ይልቅ ሲነገሩ አለመቆጣትን ማስተማር ይከብዳል።

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመጣ እንግዳ ጎንደር ላይ አርፎ ነው በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባው። ክረምት ሲሆን ደመናው ይወርዳል፤ ከደመናው ጀርባ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሸን አለ። ካፒቴኑ ከመነሳታቸው በፊት «ስሳሳት ካየኸኝ ንገረኝ» ይሉ ይሆናል። ረዳቱ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ጠዋት አንዲት ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የተረሳች የሬዲዮ ቁጥር፣ ሲያስታውሳቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል ያያል። ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ ደመና ውስጥ ሲገቡ የሚናገረውም ዝም የሚለውም በዚያ ልክ ነው።