ኢንሹራንሱና ደንበኛው በአስማሚ ፊት

አንድ የሚኒባስ ባለቤት መኪናውን በ1 ሚሊዮን ብር መድን ገባ እንበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመኪናው ዋጋ 2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ፖሊሲው ግን ባለበት ቀረ። መኪናው ተጋጭቶ ጥገናው 600 ሺሕ ብር ሲጠይቅ ኢንሹራንሱ «የገባኸው የዋጋውን ግማሽ ነው፤ የምከፍልህም ግማሹን» ይላል። ባለቤቱ አረቦኑን አጓድሎ አያውቅም። ይከሳል።

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ፋይል በቀጥታ ወደ ክርክር ላይገባ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን ደንግጓል፤ ባለጉዳዮቹ ከችሎቱ ወጥተው ከአስማሚ ጋር ይቀመጣሉ። አስማሚው አይፈርድም፣ እንደ ሰፈር ሽማግሌም «አንተ ተው፣ አንተ ካስ» አይልም። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ከዚያ ለየብቻ ያነጋግራል። የሥራው እምብርት ይህ የግል ንግግር ነው። በችሎት ፊት ድርጅቱ ፖሊሲውን፣ ደንበኛው ደረሰኙን ብቻ ያነባሉ። ለብቻው ሲጠየቅ ግን ባለቤቱ ከገንዘቡ ይልቅ መኪናው ጋራዥ መቆሙና የባንክ ብድሩ እንደሚያስጨንቁት ይናገራል። እዚያ የተባለው ለክርክር ማስረጃ ስለማይሆን ሰው ይደፍራል።

ዳኛ የቀረበለትን ክስ ብቻ ይወስናል፤ ስምምነት ግን ሰፊ ነው። ድርጅቱ ከ300 ሺሑ ትንሽ ከፍ አድርጎ በሳምንት ውስጥ ሊከፍል፣ የተቀየረውን ዕቃ ለባለቤቱ ሊተውለት፣ የቀጣዩን ዓመት ዋስትና በትክክለኛው ዋጋ ሊያድስለት ይችላል። ስምምነቱ በፍርድ ቤቱ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ካልተስማሙ ፋይሉ ወደ ችሎቱ ይመለሳል።

ከውጭ በስልክና በደብዳቤ ከመደራደር ይህን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የመድን ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ ና» እየተባለ ጊዜው ያለፈበት ሰው መብቱን ያጣል። ክስ ያቀረበ ሰው ግን ይርጋውን አቋርጧል።

ሁሉም ጉዳይ ግን ለአስማሚ አይሆንም። ድርጅቱ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ ከላከ ጊዜ ማባከን ነው፤ ተወካዩ ምን ያህል ድረስ መስማማት እንደሚችል ከመጀመሪያው መጠየቅ ያስፈልጋል። ክርክሩ የብዙ ደንበኞችን ፖሊሲ በሚነካ አንድ አንቀጽ ትርጉም ላይ ከሆነም እስከ ሰበር መሄዱን እደግፋለሁ። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጥ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ በአስማሚ ፊት የተደረሰ ስምምነት ግን ከፈረሙት ሰዎች አልፎ ለሌላው ደንበኛ አይተርፍም።