የፋብሪካ ሠራተኛ ደኅንነትና የሚሻሻለው ሕግ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

ፋብሪካ ለአንድ አገር የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ጥጡ ፈትል፣ ፈትሉ ጨርቅ፣ ጨርቁም ልብስ ሆኖ የሚወጣው፤ ብዙ ወጣቶችም እንጀራቸውን የሚያገኙት በፋብሪካ ነው። ነገር ግን ጧት በጤና የገባው ሠራተኛ ማታ በጤና ወደ ቤቱ መመለሱን አስቦ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የፋብሪካ ሠራተኛ ከአደጋ የሚጠበቅበትን መንገድ በአጭሩ ለማስረዳት አሰብሁ። አባቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥገና ክፍል ስለሚሠሩ የመኪናውን ነገር ከእርሳቸው ጠይቄ ተረዳሁ፤ የሕጉን ነገር ደግሞ ከአዋጁ አነበብሁ።

በመጀመሪያ፤ የደኅንነት ሕግ ከወዴት መጣ ብለን እንጠይቅ። ታሪኩን ስንመለከት አብዛኛው የተጻፈው ከአደጋ በኋላ መሆኑን እንረዳለን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቈልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላልም ሠራተኞቹ እስከ ነበሩበት ፎቅ አልደረሰም። በዚያ ቀን 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ስለ መውጫ በር፣ ስለ እሳት ማምለጫ ልምምድና ስለ ውሃ መርጫ የሚያዝዙ ብዙ ሕጎች በከተማይቱና በግዛቲቱ ወጡ።

ይሁን እንጂ ሕግ መውጣቱ ብቻ ሰውን አያድንም። ለዚህም ምስክር የሚሆነን በባንግላዴሽ፣ ከዳካ ከተማ አጠገብ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኤፕሪል 24 ቀን 2013 የፈረሰው ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ነው። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሲሰድድ፤ በላይ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ግን ሠራተኞቻቸው በማግሥቱ እንዲገቡ አደረጉ። ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎችም በፍርስራሹ ውስጥ አለቁ። በሕንጻው ላይ የላይኞቹ ፎቆች የተጨመሩት ያለ ፈቃድ ነበር። ከዚህ የምንማረው፤ ሕግ በወረቀት ላይ ሲኖርና ሕግ በሥራ ቦታ ሲኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ ስለ ፋብሪካዎች የሥራ ሁኔታ አዋጅ የወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ነበር። ከዚያም በ1956፣ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. የወጡት የሠራተኛ አዋጆች ተከታተሉ። ዛሬ የምንሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ በማያስከትል ቦታ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል።

አንዳንድ ሰው፤ «ሕጉ በየጊዜው ለምን ይለዋወጣል? አንድ ጊዜ አስተካክሎ መጻፍ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። መልሱ ግን ቀላል ነው። መኪናው ይለወጣል፤ የሰውም ዕውቀት ያድጋል። አስቤስቶስ የሚባለው ማዕድን እሳትን ስለሚቋቋም በአንድ ዘመን እጅግ የተመሰገነ ነበር። በኋላ ግን ብናኙ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለ ታወቀ ብዙ አገሮች ከለከሉት። እንዲሁም በአገራችን ለሥራ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ በ1996ቱ አዋጅ 14 ዓመት የነበረው በ2011ዱ አዋጅ ወደ 15 ከፍ ብሏል። ይህም እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

አዋጁ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ግዴታ ሰጥቷል። አሠሪው በሥራው ላይ ያለውን አደጋ ለሠራተኛው ማስረዳትና ማሠልጠን፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠት፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ተቈጣጣሪው ማስታወቅ፣ አደገኛ ሥራ የሚሠሩትንም በራሱ ወጪ በሐኪም ማስመርመር አለበት። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በሚገባ መጠቀም፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ማመልከት፣ የአደጋ መከላከያውንም ያለ ፈቃድ አለማንሣት ይገባዋል። የመንግሥት የሥራ ተቈጣጣሪም በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ገብቶ መመርመር ይችላል።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ በፋብሪካው ውስጥ እንዴት እንደሚፈጸም እንመልከት። ካርዲንግ የሚባለው ጥጥ ማበጠሪያ መኪና ጥርስ ያለው ከባድ ሲሊንደር አለው። ጥጥ ሲወተፍበት ሠራተኛው ማጥፊያውን ይጫናል፤ ሲሊንደሩ ግን ከክብደቱ የተነሣ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም ለብዙ ጊዜ መዞሩን አይተውም። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ማጥፋት፤ ቀጥሎ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ዘግቶ በቍልፍ መቈለፍ፤ «ሰው በሥራ ላይ ነው» የሚል ምልክት ማንጠልጠል፤ ቍልፉን በራስ ኪስ መያዝ፤ ሲሊንደሩ ፈጽሞ መቆሙን በዓይን ማረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ክዳኑን መክፈት። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ በቦታው ሳይመለስ መኪናው አይነሣም። ቍልፉ በኪስ የሚያዘው ሌላው ባልደረባ ሳያውቅ እንዳያስነሣው ነው።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ከሆነ፤ በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት የደረሰበትን ልንገራችሁ። በሚሠራበት ፋብሪካ፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ የአንድ መኪና ክዳን ለጽዳት ተነሥቶ ሳይመለስ ቀናት አለፉ። «ጊዜ ይቈጥባል» ተብሎ ስለ ተተወ ማንም አልጠየቀም። ከዚያም ወጣቱ ሁለት ጣቶቹን አጣ። ክዳኑን ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር።

በዓይን የማይታይም አደጋ አለ። የጥጥ ብናኝ ለብዙ ዓመት ሲሳብ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል። ምልክቱም ሠራተኛው ዐርፎ በሚመለስበት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረቱን ጭምቅ ማድረጉ ነው። የሽመና መኪና ጩኸትም ጆሮን ቀስ በቀስ ያደነቍራል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ መስማትም አይመለስም። በዚህ ረገድ የሊቃውንቱ ምክር በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ፤ ካልተቻለ አደጋው በሚያንስ ነገር መተካት፤ ቀጥሎ ብናኙን በመሳቢያ መሳብ፣ መኪናውን መሸፈን፤ ቀጥሎ የሥራውን ሰዓትና ሥርዓት ማስተካከል፤ በመጨረሻም የአፍንጫና የጆሮ መሸፈኛ መስጠት ነው። መሸፈኛ ብቻ አድሎ «ግዴታዬን ፈጸምሁ» የሚል አሠሪ ከመጨረሻው ደረጃ ጀምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ከሚሻሻለው ሕግ ጋር አብሮ ለመሄድ ምን ያድርግ? በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣውን የሚከታተል ኀላፊ ይኑረው። አዲስ መኪና ወይም አዲስ ኬሚካል በገባ ቍጥር አደጋው እንደገና ይመርመር። ጉዳት የደረሰበት ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የሳተውም አደጋ ይመዝገብ፤ የዛሬው ለጥቂት ያመለጠ የነገው ጉዳት ነውና። ከሁሉም በላይ፤ ጉድለቱን የተናገረ ሠራተኛ መመስገን እንጂ መቈጣት የለበትም። በራና ፕላዛ ስንጥቁን ያዩት ብዙዎች ነበሩ፤ የጐደለው የሚሰማቸው ነበር።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ውድ የትምህርት ጓደኞቼም፤ ከእኛ መካከል ነገ ብዙዎቻችን ወደ ፋብሪካ እንገባለን። አንዱ መኪና ነጂ፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱም አሠሪ ይሆናል። አባቶቻችን «ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እስከ ዛሬ ብዙው ሕግ የተጻፈው ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ የሚቀጥለውን ግን አስቀድሞ ለመጻፍና የተጻፈውንም በየቀኑ ለመፈጸም ዕውቀቱ በእጃችን አለ።