የሙዝ መኪና ባሌስትራና ተፋላሚው ሮቦት

አርባ ምንጭ ሙዟን ለአዲስ አበባ የምትልከው በአይሱዙ ጀርባ ነው። ጭነቱ ሲበዛና መንገዱ ሲከፋ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ባሌስትራው ነው። የተሰበረው ባሌስትራ ግን አይጣልም፤ ቀጥቃጭ እጅ ገብቶ ቢላዋ፣ ማጭድ ወይም ማረሻ ይሆናል። ቤቱ ውስጥ ተፋላሚ ሮቦት ለመሥራት ለተነሳ ወጣትም በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ከዚህ የተሻለ ብረት በቀላሉ አይገኝለትም።

ተፋላሚ ሮቦት በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ በተዘጋ ሜዳ ውስጥ ሌላ ሮቦት ለመስበር የተሠራ ማሽን ነው። ውድድሩ ስም ያወጣው ማርክ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1994 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ሮቦት ዋርስ»ን ካዘጋጀ ወዲህ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ በቴሌቪዥን አቀረበው፤ «ባትልቦትስ» የተባለ ሌላ ውድድርም ተከተለ። ሮቦቶቹ በክብደት ይመደባሉ፤ 150 ግራም የሚመዝን አለ፣ ከ100 ኪሎ የሚበልጥም አለ። ለቤት ሠሪ የሚመቸው መካከለኛው፣ የ13.6 ኪሎው ምድብ ይመስለኛል።

ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር ይታየዋል። እዚህ ግን ሪሲቨሩም፣ የሞተር መቆጣጠሪያውም፣ ባትሪውም ተገዝተው ይገጠማሉ። አሸናፊውን የሚለየው የብረት ሥራው ነው፤ ቶርኖው፣ ትራፓኖው፣ ሞርሳውና ምድጃው።

ከሁሉ የሚፈራው መሣሪያ በፍጥነት የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ብረቱን እያፈጠነ ጉልበት ያጠራቅምበታል፤ ግጭቱ ያንን ሁሉ በቅጽበት ያወጣዋል። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ባሌስትራ 1.1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። መሃሉ ላይ ተበስቶ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል፣ የያዘው ጉልበትም 1,700 ጁል ይደርሳል። ይህ 100 ኪሎ ጤፍ የያዘ ጆንያ ከሰው ቁመት ወድቆ መሬት የሚመታበት ጉልበት ነው። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ፣ ዙሩ ሳይቀንስ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ስምንት እጥፍ።

ጀማሪ ይህን ሲሰማ ፍጥነት ላይ ብቻ ይረባረባል። ነገር ግን ሮቦቱ በሰከንድ 3 ሜትር እየሮጠ ባላጋራው ላይ ይመጣል እንበል። ብረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለት ጫፍ ስላለው በአንድ ቦታ በሰከንድ 200 ጊዜ ያልፋል። አንዱ ጫፍ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ባላጋራው ወደ ውስጥ የሚገባው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዙሩ ወደ 12,000 ከፍ ቢል ይህ ወደ 7.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ብረቱም ይፍቃል እንጂ አይነክስም። ስለዚህ ብዙ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ብረቱን ባለ አንድ ጥርስ አድርገው በሌላው ወገን ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ይተዋሉ። የሚነክሰው ጥልቀት በአንዴ እጥፍ ያድጋል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። አሮጌ ባሌስትራ ለዓመታት ሲተጣጠፍ የኖረ ስለሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። መመርመሪያው ርካሽ ነው፦ ዝገቱን አጽድቶ ነጭ ጋዝ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በጨርቅ አድርቆ መጥረግ፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ። ስንጥቅ ካለ የገባበት ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ይሥላል። መስመር የታየበት ብረት ለማረሻ እንጂ ለሮቦት አይሆንም።

ባሌስትራ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ፋብሪካ ውስጥ ስለጠነከረም ተራ የትራፓኖ ጫፍ ያቃጥላል። መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከሰል ላይ ይግላል፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት መሳቡን ሲያቆም ብረቱ 770 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። ትንሽ ጨምሮ አግሎ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ነው። በነጋታው ይበሳል፣ በሊማ ይሞረዳል። ቅርጹ ካለቀ በኋላ እንደገና አግሎ ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ መንከር ነው፤ ውሃ ይሰነጥቀዋል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ጭሱ መርዛም ነው። ከዘይት የወጣው ብረት እንደ መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ እስከ 450 ዲግሪ ገደማ መልሶ ማሞቅ ግድ ነው። የብረቱ ገጽ ሰማያዊ የሚሆነው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ ማቆም ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋልና ሰማያዊውን አልፎ ግራጫ እስኪሆን መታገሥ ይገባል።

ይህን ሁሉ የጋሞ ቀጥቃጮች በዓይናቸው ያውቁታል፤ የጋለ ብረት ቀለም ፀሐይ ላይ ስለሚያታልል በጥላ ይሠራሉ። እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ እነዚህ ባለሙያዎች መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል፤ ያሳዝነኛል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ መካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። ጉልበቱን በወረቀት የሚያሰላው ተማሪና ቀለሙን የሚያነበው ቀጥቃጭ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ቢቆሙ ምን ሊወጣ እንደሚችል ማየት እፈልጋለሁ።

የመሃሉን ቀዳዳ ግን ለቶርኖ ባለሙያ መተው ይሻላል። ቀዳዳው ከትክክለኛው መሃል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት፣ በ6,000 ዙር አክሱሉን 45 ኪሎ በሚያህል ኃይል በየዙሩ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ኩሽኔታውም የሚገጥመው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ልክ ነው። 6204 የተባለውን ኩሽኔታ ብንወስድ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሉሚኒየም ቤቱ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ቀዳዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ቤቱን አሙቆ በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ኩሽኔታውን ገና ሳይሠራ መግደል ነው።

ሙከራ ክፍት ሜዳ ላይ አይደረግም። ከዚህ ብረት የተገነጠለ ስባሪ ሰው ይገድላል። መከለያው ወፍራም ፖሊካርቦኔት መሆን አለበት፤ መስታወት ራሱ ስባሪ ይሆናል። ብረቱ በማይሞከርበት ጊዜ ሁሉ አክሱሉን በፒን መቆለፍ ነው። በብዙ ውድድሮች ሕግ መሣሪያው ኃይል ከተቋረጠበት በ60 ሰከንድ ውስጥ ፈጽሞ መቆም አለበት፤ የሜዳው በር የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።